ሰላምታ የሌለው ቋንቋ

አባቴ ሃይማኖቴን የለወጥኩ የመሰለው ልብስ እያጠብኩ ሳለ ነው። ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር በተከራየናት ቤት ግቢ፣ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ እጄ አረፋ ውስጥ ነበር፤ አፌ ደግሞ ማንም የማያውቀው ቋንቋ ውስጥ። «ታሩ ሜሊ፣ ታሩ ሜሊ ሶ» እላለሁ። ቃላቱን የፈጠርኳቸው እኔው ስለሆንኩ ምላስ ላይ ይመቹ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው። አባቴ ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማኝ እንደቆየ አላወቅሁም። ምንም ሳይለኝ ወደ ውስጥ አለፈና ለእናቴ ደወለ።

«ልጅሽ በልሳን መናገር ጀምራለች» አላት።

እናቴ ያን ጊዜ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ካንድ ሀብታም ቤተሰብ ዘንድ እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር፤ ቤት የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ምን ብላ እንደመለሰችለት በኋላ እየሳቀች ነገረችኝ። «እሷ በሰው ቋንቋም ከተናገረች ስንት ጊዜዋ፤ ልሳን ከየት አመጣች?» ነው ያለችው።

እውነቷን ነው። የተወለድኩትም ያደግሁትም ካርቱም ነው። ዐረብኛዬ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ግን ምንም ያህል ቢወርድ ሰፈሩ «ሐበሺያዋ» ማለቱን አይተውም። አማርኛዬ ደግሞ ያነክሳል። ቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ ለቅሶ ቤት አፌን ስከፍት ገና ሁለተኛው ቃል ላይ አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። የምትስቀው በክፋት አይደለም፤ ቢሆንም መሳቋ አይቀርም። እኔም ቀስ በቀስ ዝምታ ለመድኩ።

አባቴ በቤታችን ዐረብኛ አይፈቅድም ነበር። «ዐረብኛ ከጫማ ጋር በር ላይ ይቀራል» ይላል። የሚገርመው እንጀራው ዐረብኛ መሆኑ ነው። በአገሩ አስተማሪ ነበር፤ መጀመሪያ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ግዕዝ የቆጠረ፣ ኋላም አማርኛ ያስተማረ። ከአገር የወጣው በፖለቲካ ነው። እዚህ ሲደርስ ግን ያተረፈው የእጅ ጽሕፈቱን ብቻ ነበርና ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ውስጥ ካንድ ወርክሾፕ ገብቶ የሱቅ ታፔላ ይስል ጀመር። ሱዳኖቹ ሳይቀሩ ጽሕፈቱን ቆመው ያያሉ። ቀኑን ሙሉ ዐረብኛ ሲጽፍ ይውልና ማታ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል።

እናቴ ቤት በነበረች ጊዜ በሁለታችን መካከል እንደ ኩብሪ ነበረች። የኔን ድብልቅልቅ አፍ ትሰማና ለእሱ በጠራ አማርኛ ታሻግርለታለች። አል-ጣኢፍ ስትገባ ድልድዩ ተነሣ። እኔና አባቴ ሰላምታ ይዘን ቀረን።

«እንደምን አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ አባዬ።»

ጧት ይኸው ነው፤ ማታም ይኸው ነው። በመካከሉ የሳህን ድምፅ አለ። ውጭ ላለ ሰው ፍቅር የሚያስተርፍ ቤተሰብ እንመስላለን፤ ሰላምታችን አይጎድልማ። እኔ ግን አባቴ እየጠፋኝ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ሰውዬውን በጣም እወደዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን እንደምለው ግን አላውቅም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን እንዳንጠፋፋ እፈራ ነበር።

ቋንቋ የመፍጠሩን ነገር ያገኘሁት ከስልክ ነው። የምሠራበት የስልክ ሱቅ ከሰዓት በኋላ ጭር ይላል፤ ሙቀቱ ሰው አያስወጣም። አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ ቋንቋ የሚፈጥሩ ሰዎች መገናኛ ውስጥ ዘው አልኩ። ሥራዬ ብለው፣ ለሆዳቸው ሳይሆን ለደስታቸው፣ ቁጭ ብለው ቃል ይሠራሉ! ቋንቋ የእግዜር ወይም የአያት ቅድመ አያት ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደንበኛ መጥቶ ቻርጀር ሲጠይቀኝ የራስ ቁር የጠየቀኝ ይመስል አፍጥጬ አየሁት። እኔ በሠራሁት ቋንቋ ማን ይስቅብኛል? ትክክለኛውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ!

እና ያን ቀን ልብስ ሳጥብ አፌን እያሟሸሁ ነበር።

ማታ አባቴ ግቢው ውስጥ ዐንገሬቡ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። ያ የገመድ አልጋ የቤታችን ችሎት ነው። የጸሎት መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«ልጄ፣ አልቆጣሽም። የት ነው የምትሄጂው? ከነማን ጋር ነው የምትጸልዪው?»

«አባዬ፣ ወላሂ ጸሎት አይደለም።»

«‹ወላሂ›ን ጫማው ጋ ተዪው።»

«እሺ። ጸሎት አይደለም። ቋንቋ ነው። እኔ… እኔ ነኝ የሠራሁት።»

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ጠበል ቢወስደኝ ይሻላል እያለ ያሰበ መሰለኝ። ከዚያ መጽሐፉን ወደ ጎን አደረገና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ያልሆነ ነገር ጠየቀኝ።

«በምን ፊደል ትጽፊዋለሽ?»

በላቲን እንደምጽፈው ነገርኩት፤ ስልኬ ላይ የሚቀለኝ እሱ ነው። ፊቱ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ሆነ። «የራስሽን ልጅ ወልደሽ በሰው ልብስ ታለብሺያለሽ?» ብሎ ተነሣ። ከአጥሩ ሥር የተበላሸ የታፔላ ቆርቆሮ ነበር፤ ደንበኛው ስሜን አበላሽተኸዋል ብሎ የመለሰው። ጀርባውን አዞረና ብሩሹን አወጣ። እየቸኮለ ነበር፤ አባቴ ቸኩሎ አይቼው አላውቅም። በጥቁር ቀለም ሦስት ፊደል ጻፈ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ።

«ልጆች ስንት ዓመት ‹ለምን ሦስት ሆኑ?› እያሉ ጠየቁኝ» አለ። «እኔም ‹ድሮ ድምፃቸው ይለያይ ነበር› እላለሁ። በየትኛው ቃል የትኛው እንደሚገባ አንድም አልስትም። አፌ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። በቋንቋሽ ለነዚህ ሥራ ስጪያቸው፤ ሥራ ፈተው ነው የኖሩት።»

ቆርቆሮውን አየሁ። ታፔላ ላይ በየቀኑ የሚስላቸውን የዐረብኛ ፊደላት አሰብኩ። ከዚያ ሳላስበው አነበብኳቸው። የመጀመሪያውን ቀለል አድርጌ፣ ሁለተኛውን አውቶቡሱን ሐፍላ ስንል እንደምናወጣው ከጉሮሮ፣ ሦስተኛውን ኸላስ ስንል እንደምንፍቀው።

አባቴ ብሩሹን ይዞ ቀረ። ቀለሙ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«እንደገና በያቸው።»

አልኳቸው።

«እስቲ ዐይኑን ደግሞ» አለና ዐ ጻፈ። እሱንም አልኩለት፤ ለኔ ዐረብ ስል የማወጣው ድምፅ ነው፣ ምን ይከብዳል? አባቴ ዐንገሬቡ ላይ ተቀመጠ። «እነዚህን ድምፆች ከመጽሐፍ ነበር የማውቃቸው» አለ። «መምህሬም ከመጽሐፍ ነው የነገሩኝ። ከሰው አፍ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው።» እዚያው ባሕሪ በየቀኑ ይሰማቸው ነበር እኮ! ግን ጆሮውን ዘግቶባቸው ኖሯል፤ የራሱ ፊደላት የጠፋ ድምፅ ናቸው ብሎ አላሰበም። ያን ማታ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። ሲስቁበት የኖረው አፌ ‹እንደገና በይ› ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ሩጫ ነበሩ። አባቴ ከባሕሪ ሐፍላ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ኩብሪው ላይ በመኪና ጭንቅንቅ ተጠብሶ ይመጣና ጫማውን ሳያወልቅ «ሁለት ግሥ አግኝቻለሁ!» ይላል። እኔ ሱቅ ውስጥ ባትሪ እየቀየርኩ የብዙ ቁጥር አወጣለሁ። ቋንቋውን «ሦስተኛው» አልነው፤ የእሱም የኔም አይደለማ። አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረን፦ ከአማርኛም ከዐረብኛም ቃል መስረቅ ክልክል ነው። እኔ የተያዝኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ለውሃ ያመጣሁት ቃል ሱዳኖች ሞያ ከሚሉት የራቀ አልነበረም። «ይህ ውሃ ከየት ጎረቤት ተቀዳ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም በዋዛ አለቀቅሁትም፤ እሱ ያመጣውን ቄሱ ሲያነቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰማሁት። ማይ! ግዕዝ ሰርቋል! ቤት እስክንገባ መታገስ አቅቶኝ ባጃጅ በምትመስለው ረክሻ ውስጥ ጮኽኩበት። እሱ ግን ከማፈር ይልቅ ዐይኑ በራ። «ሞያና ማይ! አየሽ? ሁለታችንም ከአንድ ጉድጓድ ነው የሰረቅነው፤ ዘመዳሞች ናቸው!» ብሎ ባለረክሻው እስኪዞር ድረስ ጭኑን መታ። ውሃ በመጨረሻ ፎሌ ተባለ።

በሁለቱ ቋንቋ ስም ለሌላቸው ነገሮች ስም ስናወጣ ነበር ከሁሉ የምንደሰተው። ከሙከይፉ፣ ከዚያ በውሃ ከሚሠራው ማቀዝቀዣችን፣ ጠብ ጠብ ለሚለው ውሃ ስም አለን። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ አፍ ለሚጮኸው ጩኸት ሂዮላ አልን። አንድ ማታ መብራቱ መጣና አል-ሳሃፋ ሲጮኽ እኔና አባቴ እኩል «ሂዮላ!» ብለን ተያየን። ቃል ሲወለድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቋንቋ ዕድሜ ከሌለው ቋንቋ አይመስልም ያለው አባቴ ነው። አዲስ ጫማ ነው፤ ይጮኻል። እንዴት እንደሚያረጅም ከራሱ ቤት አሳየኝ። ግዕዝ ሰብእ ያለው አማርኛ ሲደርስ ሰው ሆነ፤ ‹በ› ለስልሳ ‹ወ› ሆነች። እድ የነበረው እጅ ሆነ።

«ማን ፈረደባቸው?» አልኩት።

«ችኮላ። ሰው ይቸኩላል፣ ድምፅ ይጎዳል። ግን እንዳገኘ አይጎዳም፤ በሕግ ነው። ዛሬ እዚህ ቃል ላይ ያደረገውን ነገ እዚያኛው ላይም ያደርገዋል።»

ሦስት ሕግ አወጣን። ‹ከ› የኢ ወይም የኤ ድምፅ ሲያስከትል ‹ቸ› ይሆናል። ‹በ› ሁለት አናባቢ መካከል ሲገባ ‹ወ› ይሆናል። ቃላት አብረው ሲሮጡ ደግሞ መካከላቸው ይሳሳል፣ ጅራታቸው ይወድቃል። ሕጎቹን ቆርቆሮው ላይ በቀይ ጻፋቸው። ሥራ የሚጀምሩት ግን ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲሆን ተስማማን፤ እኛ የምንናገረው ሥሩን ነው፣ የሚያሳሳው ኋላ የሚመጣው ሰው ነው። የትኛው ሰው እንደሆነ አንዳችንም አልጠየቅንም።

እናቴ ዓርብ ስትመጣ የምናወራውን ሰምታ ራሷን ትይዛለች። «እኛም በልጅነታችን በየቃሉ ዝ እየሰካን በወፍ ቋንቋ እንንጫጫ ነበር። ሲጨልም ግን ወደ ቤታችን እንገባለን» ትላለች። አንድ ቃል ሊያስተምራት ሲሞክር «እዚያ ቤት እመቤቲቱ በዐረብኛ፣ ልጆቿ በእንግሊዝኛ ያዙኛል። ዓርብን እንኳ በሰላም ልዋልበት!» አለችው። ቢሆንም ከኩሽና ሆና ጆሮዋን ጣል እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ቃል ስንስት ሳህን ማጠቧን ታቆም ነበር።

እኔ ቸኮልኩ። አንድ ቀን ሙሉ፣ ከጧት ጀምሮ፣ በሦስተኛው ብቻ እንዋል አልኩ። ዐረብኛም አማርኛም አንድ ቃል እንዳይወጣ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ አባቴ። «ትንሽ እንቆይ።»

«ያላ አባዬ! ነገ።»

«ያላ»ን ጫማው ጋ እንድተዋት አላለኝም። «ነገ» አለ፣ እየሳቀ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ሴትዮ እናታቸው አገር ቤት ሞተውባቸዋል፤ እናቴ ስለሌለች የቤታችን እግር እኔ ነኝ። መንገድ ላይ የምለውን አጥንቼ ሄድኩ። ስገባ ግን አንዷ «ሱዳኗ መጣች፤ እስቲ ዛሬስ ምን ትለን ይሆን?» አለች። ሌሎቹ ሐዘንተኛዋን እያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። የዋጡት ሳቅ ከወጣው ይብሳል። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝና ሴትዮዋን አቅፌ ዝም ብዬ ወጣሁ። ማታ ሙከይፉ እስኪጮኽ ጠብቄ፣ ድምፁ ይሸፍነኛል ብዬ አለቀስኩ።

ጧት ነጋ። ቀኑ የሦስተኛው ነው። የጥርስ ብሩሼን ይዤ ወደ ግቢ ስወጣ አባቴ ሸሚዙን እየቆለፈ ከክፍሉ ወጣ። ተገጣጠምን። እሱ አፉን ከፈተ፤ እኔም ከፈትኩ። ሁለታችንም እንደ ተከፈተ በር ቀረን።

ሰላምታ አልሠራንም!

በመቶ የሚቆጠር ቃል አለን፤ የድምፅ ሕግ አለን፤ ለሙከይፍ ጠብታ እንኳ ስም አለን። ‹እንደምን አደርሽ› ግን የለንም። ሐበሻ ያለ ሰላምታ እሳት አይለምንም፤ ሱዳንም ቢሆን «ኬፍ፣ ታማም፣ ኢንሻላህ ኩወይሲን» ብሎ ሳይጨርስ ዋጋ አይጠይቅም። ሰላምታ በዙሪያችን ከመብዛቱ የተነሣ ቃል መሆኑን ረስተነዋል፤ እንደ ትንፋሽ ሆኖብናል። አባቴ «እን—» ብሎ ጀመረና በእጁ አፉን ያዘ። እጅ ነሣ። እኔም እጅ ነሣሁ። እንደገና ነሣ። የኔ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የእሱም ጀመረ፤ ግን መሳቅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቆጠር አላወቅንም። ጫማው ጋ ሄደ። አላደረገውም። አባቴ በዕድሜው ልጁን ሳይሳለም ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

ተመለሰና ዐንገሬቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቃል ፍለጋ ቆርቆሮውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ኬቦ ሉ ናሚታ?» አለ።

ኬቦ ትላንት ማታ ነው። ሉ ለምን ነው። ናሚታ አለቀስሽ ነው። ትላንት ማታ ለምን አለቀስሽ?

ብሩሼ ከእጄ ወደቀ። ሰምቶኛል! በአማርኛ ቢሆን ይህን ፈጽሞ አይጠይቀኝም ነበር። «እንደምን አደርሽ» ይላል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ በሩ ይዘጋል። በዚህ ቋንቋ ግን የሚደበቅበት ሰላምታ አልነበረም፤ ያለው ቃል እውነተኛው ብቻ ነበር።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቃላችን ትንሽ ነው፤ እንደ ሁለት ዓመት ሕፃን ተናገርኩ። «ሰዎች። ሳቅ። የኔ አፍ።»

አባቴ ጣቱን እየቆጠረ ቃል ይፈልጋል። ቀጥሎ የተናገረውን በአማርኛ ስጽፈው እንዲህ ነው፦ «የኔም አፍ። ባሕሪ። ዐረብ ቃል። ሰዎች፣ ሳቅ።» ወደ በሩ አመለከተኝ። «ቤት፣ ዐረብ ቃል የለም። ለምን? አንቺ ዐረብ ቃል ብዙ። እኔ ትንሽ። አንቺ እንዳትስቂ። እኔ፣ ፍርሃት።»

በር ላይ ጫማ ሆና የኖረችው ዐረብኛ! እኔ ስንት ዓመት ያገር ፍቅር መስሎኝ፣ አንዳንዴም እልኸኝነት መስሎኝ። እሱ ግን ከኔ እየተደበቀ ነበር። ልጁ ፊት እንደ ሕፃን እንዳይንተባተብ ነበር የዘጋው። ይኸው ዛሬ ሁለታችንም እኩል እንንተባተባለን። ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ ሊያለቅስም ሊስቅም እንደሚችል አላውቅም ነበር። አቀፍኩት። ያን ጧት ሐፍላው አመለጠው፤ ግድም አላለው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። አማርኛ ስሳሳት ያርመኛል፤ ዐረብኛ ሲሳሳት አርመዋለሁ። ሁለታችንም ሲከፋን ወደ ሦስተኛው እንገባለን። አንድ ነገር ብቻ አላስማማንም፤ ሰላምታ እንሥራ አንሥራ የሚለው። እኔ አይሆንም አልኩ፤ ሰላምታ ከገባ በሩ እንደገና ይዘጋል ብዬ ፈራሁ። አባቴ ደግሞ «ሰላምታ የሌለው ቋንቋ ባለጌ ነው» አለ። ግን እሱም ልሥራ አላለም። «ሰላምታ አይሠራም፤ ያረጃል እንጂ። ‹ጤና ይስጥልኝ› አንድ ጊዜ የምር ጸሎት ነበር፤ ስንት አፍ ካለፈበት በኋላ ነው ‹ጤናስጥልኝ› የሆነው። አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ብዙ አፍ ሲመላለስበት ሰላምታ ይሆናል። መቶ ዓመት እንጠብቅ» አለኝ። ተስማማን።

የካርቱሙ ጦርነት የጀመረው ቅዳም ሹር ጧት ነው። እናቴ ለፋሲካ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች። አባቴ ለዒድ የተፈለገ ታፔላ ሊጨርስ በማለዳ ባሕሪ ሄዷል፤ ለሌሊቱ ቅዳሴ እደርሳለሁ ብሎ። ኩብሪዎቹ ተዘጉ። ስልክ ተቋረጠ። ቀን ከቀን እየጠበቅን፣ በመጨረሻ ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣ እኛም ወጣን፤ ከሰው ጋር ተጭነን ገዳሪፍ ደረስን። የዚያን ሰሞን ነገር ብዙ አልጽፍም። በየምሽቱ አለቅስ ነበር፤ የሚሸፍነኝ ሙከይፍም አልነበረም። የእናቴ ትከሻ ግን ነበረ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። መሥመሩ የፈለገውን ያህል ቢቆይ ለሐበሻ ሰላምታ እንደማይበቃ ታወቀኝ።

«ቼውናም» አለ አንድ ሰው።

ቃሉን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ግን ምላሴ ሥር ያሉት ሦስት ሕጎች ብድግ አሉ። ቼ፤ ድሮ ኬ ነበረች። ው፤ ድሮ ቦ ነበረች። ቀሪው ሲሮጥ ሳስቷል፣ ጅራቱ ወድቋል። ኬቦ ሉ ናሚታ! ትላንት ማታ ለምን አለቀስሽ! አባቴ ወርክሾፑ ውስጥ ተዘግቶበት፣ ያን ዓረፍተ ነገር ሲመላለስበት ከርሞ፣ አሳስቶ አሳስቶ ሰላምታ አድርጎታል!

«አባዬ! አባዬ፣ መቶ ዓመቱ ገና ነው እኮ!» ብዬ ጮኽኩ።

«እዚህ አልፏል» አለ።

እናቴ ከእጄ ልትነጥቀኝ ስትታገል «ምንድን ነው ያለሽ? ምን አለ?» ትላለች። ሰላምታ ነው አልኳት። ስልኩን ነጠቀችና፣ አንድም ቃል አላጠናም ብላ የማለችው እናቴ፣ አገር እስኪሰማ «ቼውናም! አንተ ሰው፣ ቼውናም!» አለች። መሥመሩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። እኛ ግን ግቢውን ሞልተን እንጮኽ ነበር፤ አከራያችን ምን ሆኑ ብለው ወጡ። «ሂዮላ!» አልኳቸው፤ ምን ልበላቸው?

አባቴ ቆይቶ ወጣ፤ ገዳሪፍ መጣ፤ ከስቶ፣ ጺሙ ሸብቶ። ዛሬ አል-ሳሃፋ ተመልሰናል። መብራቱ እንደልብ አይደለም። ቆርቆሮዋ የለችም፤ ከነቃላታችንና ከነቀይ ሕጎቻችን ተወስዳ ያንድ ሰው ጣሪያ ሆና ይሆናል። አባቴ «ዝናብ ሲመታት ታነብላቸዋለች» ብሎ ሳቀ። እሱ አሁን በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ከደጅ ልጆች ጋር በዚያ ሰባራ ዐረብኛው እየተቀላለደ ነው።

ጧት ጧት ዐንገሬቡ ላይ ተቀምጦ «ቼውናም» ይለናል። እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች፤ ለእሷ ሰላምታ ነው። እኔ አላልፍም። ጥያቄ እንደነበረ አውቃለሁና፣ አጠገቡ ተቀምጬ እመልስለታለሁ።